ያነበበው ማነው?

«ቶሎ ቶሎ» የሚለውን ስም ለእህቴ ባል ያወጣሁለት እኔ ነኝ። ሰውየው ሲበላ ቶሎ፣ ሲያወራ ቶሎ፣ ሲምልም ቶሎ ነው። እህቴን አግብቶ፣ የአባቴ ጥብቅና ቢሮ ገብቶ፣ የአባቴን ወንበር እስኪይዝ ድረስ ሁለት ዓመት አልሞላውም። እኔን ከዚያ ቢሮ ያስወጣኝም ቶሎ ነው። እና ይህን ታሪክ ቂም ሳይኖርብኝ የማወራ እንዳይመስላችሁ። ቂም አለብኝ፤ ያውም የሰባ ቂም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ያስወጣኝ በማሽን ምክንያት ነው። ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሉትን፣ እኛ በአጭሩ «ማሽኑ» የምንለውን ነገር ቢሮው ያመጣው እሱ ነው። ደንበኛ ጥያቄውን ይልካል፣ ማሽኑ መልሱን ይጽፋል፣ መልሱ በቢሮው ማኅተም ይወጣል። እኔ ማሽኑን አልጠላሁትም፤ ዛሬም እጠቀምበታለሁ። የቆዩ ውሳኔዎችን ፈልግልኝ እለዋለሁ፣ ይደረድርልኛል፣ ከዚያ እያንዳንዱን ራሴ ከፍቼ አነባለሁ። ደንበኛ የቀጠረኝ እኔን ነው፣ እሱን አይደለም። ያኔ በስብሰባ ላይ ያልኩትም ይህንኑ ነበር፤ ማሽኑ የጻፈውን መልስ፣ ጉዳዩን የያዘው ጠበቃ መዝገቡን ከፍቶ ሳያመሳክር ከቢሮ አይውጣ።

«እንዲህማ ከሆነ ማሽኑን ለምን ገዛሁት?» አለ ቶሎ ቶሎ። «አንቺ አንድ መዝገብ አገላብጠሽ እስክትጨርሺ እሱ መቶውን ይጨርሳል።»

«መቶውን ቢሳሳትስ?»

«ኧረ ተይ! ካንቺ ይበልጥ አይሳሳትም።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። አባባም እዚያው በወንበራቸው ተቀምጠው ይሰሙ ነበር። በሳምንቱ ጠረጴዛዬን ኮሪደር ላይ፣ ፎቶኮፒው አጠገብ አገኘሁት። የሚጠይቀኝ ደንበኛ «ፎቶኮፒ የምታነሺው አንቺ ነሽ?» እያለ ወረቀት ይዘረጋልኝ ጀመር። ወሩ ሳያልቅ እቃዬን በካርቶን ይዤ ወጣሁ።

እኔ ከወጣሁ በኋላ ደንበኞች «ማሽን ነው ወይ የሚመክረን?» እያሉ ማጉረምረም ጀመሩ። ቶሎ ቶሎ ለዚህም ቶሎ መላ አገኘ። «ከዚህ ቢሮ የሚወጣ መልስ ሁሉ በአንጋፋ ጠበቃ ይነበባል» የሚል ማስታወቂያ አጽፎ መግቢያው ላይ ሰቀለ። አንጋፋው ጠበቃ አባባ ናቸው። ስማቸው ፍርድ ቤት ውስጥ የሚከበር፣ በደጉ ዘመን ወረቀት ሳይዙ ቆመው የሃያ ገጽ ክርክር ከነቀኑ ከነቁጥሩ በቃላቸው የሚወጡ ሰው ነበሩ። የእሳቸው ፊርማ ያለበት ደብዳቤ የደረሰው ሰው እፎይ ብሎ ይተኛል።

እንግዲህ ጉዱን ስሙ። አባባ አያዩም።

የዓይን ሞራ ነው። ሐኪም ይይዎት ሲባሉ ይቆጣሉ። ጠዋት መነጽራቸውን አድርገው፣ ጋዜጣ ዘርግተው ይቀመጡና ማለዳ ከሬዲዮ የሰሙትን ዜና አሁን እንዳነበቡት አድርገው ያወሩልናል። እኔ ያወቅሁት ፀጉሬን ከሥሩ ተላጭቼ ልጠይቃቸው የሄድኩ ቀን ነው። ስለ ጥፍር ቀለም እንኳ አንድ ሰዓት የሚቆጡት አባቴ፣ ራሰ በራ ሆኜ ፊታቸው ተቀምጬ ስለ ዝናቡ ያወሩኝ ጀመር። ያን ቀን እህቴን ወጥ ቤት ውስጥ ያዝኳት።

«እትዬ፣ አባባ እኮ አያዩም!»

«ቀስ በይ፣ ይሰሙሻል። እናውቃለን፤ ኩራታቸውን አትንኪባቸው።» ከዚያ ፊቷ በራ። «ደግሞ ባሌ እንዴት እንደሚንከባከባቸው ብታዪ! ጠዋት ጠዋት ደብዳቤ ሲያስፈርማቸው ጣታቸውን ይዞ ‹እዚህ ጋ አባባ› እያለ ቦታውን ያሳያቸዋል። ወላጅ እንዲህ ነው የሚከበረው።»

እህቴ ይህን የነገረችኝ አመስግኚልኝ ብላ ነው። እኔ የአባባን ኩራት ብዬ ነገሩን በሆዴ ያዝኩት፤ አንዲት ልብስ ሰፊ በኋላ ወደ ከፈትኩት የራሴ ቢሮ እስክትመጣ ድረስ።

እናቴ ብትኖር እኩያዋ የምትሆን ሴት ናት። ሹራቧ ላይ የክር ቁርጥራጭ ተለጥፏል፣ ኮሌታዋ ላይ የረሳቻት መርፌ አለች። ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ሁለት ወረቀት አወጣች። አንደኛው ቤት እንድትለቅ የሚያዝ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ነው። አከራይዋ ከሷት ተፈርዶባታል። ሁለተኛው፣ «ይግባኝ ማለት የምችለው እስከ መቼ ነው?» ብላ ለጠየቀችው ጥያቄ ከእነ ቶሎ ቶሎ ቢሮ የተሰጣት መልስ ነው። እንዲህ ይላል፤ የይግባኝ ጊዜዎ የሚቆጠረው የውሳኔው ግልባጭ እጅዎ ከገባበት ቀን ጀምሮ ነው፣ በቂ ጊዜ አለዎት፣ አይጨነቁ።

አይጨነቁ ተባለች፣ አልተጨነቀችም። ግልባጩ እስኪደርሳት ልብሷን እየሰፋች ጠበቀች። የእሷ ዓይነት ጉዳይ ግን የሚቆጠረው ፍርዱ ከተነበበበት ቀን ጀምሮ ነው። ማሽኑ የሌላ ዓይነት ክስ አቆጣጠር ነው የሰጣት። መዝገቧን የከፈተ ሰው ቢኖር ከመጀመሪያው ገጽ ያየው ነበር። ግልባጯን ይዛ ስትሄድ ጊዜው አልፏል ብለው መለሷት። ከደብዳቤው ግርጌ ያለውን ፊርማ አየሁት፤ በልጅነቴ የትምህርት ቤት ካርዴ ላይ ሲፈረም የኖረው የአባባ ፊርማ ነው።

«አባትሽ መሆናቸውን ነግረውኛል ልጄ» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ሌሎቹ ጠበቆች የእሳቸውን ስም ሲያዩ ወረቀቴን መለሱልኝ። አንቺም እምቢ ብትዪኝ አልቀየምሽም።»

«የሚኖሩትም እዚያው ልብስ የሚሰፉበት ሱቅ ውስጥ ነው?» አልኳት።

«ከመጋረጃው ወዲያ። ባሌ ግማሽ ጎኑ አይሰራም፣ አልጋ ላይ ነው። እኔስ የስፌት መኪናዬን ተሸክሜ የትም እገባለሁ። ባሌን ተሸክሜ የት ልግባ?»

ሕጉ አንድ ቀዳዳ አለው። መዘግየቱ የባለጉዳዩ ጥፋት ሳይሆን የመካሪው ጥፋት መሆኑ ከታወቀ፣ ፍርድ ቤቱ ያለፈውን ጊዜ ይቅር ሊል ይችላል። ለዚህ ደግሞ ያን ደብዳቤ ማንም ሰው ሳያነበው እንደወጣ ማሳየት አለብኝ። ጉዳዩን እይዛለሁ አልኳትና በቀጥታ ወደ ቶሎ ቶሎ ሄድኩ።

ለልመና ነው የሄድኩት፤ በዚያ ቢሮ ደጃፍ እንደገና ላላልፍ ምዬ የነበርኩት ሴት።

«አንድ መስመር ጻፍልኝ» አልኩት። «‹ደብዳቤው ሳይነበብ በስህተት ወጥቷል› በል። ሴትዮዋ ቤቷ ውስጥ ትቀራለች፣ ነገሩ እዚህ ጋ ያልቃል።»

«እብድ ነሽ? ይህን ከጻፍኩ ነገ የዚህ ከተማ ሰው ሁሉ ደብዳቤውን ይዞ በሬ ላይ ይሰለፋል።» ስልኩን እየነካካ ነው የሚያወራኝ። «ደግሞ ደብዳቤው ተነብቧል። አንጋፋ ጠበቃ አንብቦ ፈርሞበታል። ወይስ አባትሽ ሳያነቡ የሚፈርሙ ሰው ናቸው?»

«ዓይናቸውን ታውቃለህ።»

«እኔ የማውቀው መነጽር እንዳላቸው ነው።» ዓይኑን በጨው ታጥቦ ትክ ብሎ አየኝ። «ካላመንሽኝ ፍርድ ቤት አቁመሽ ጠይቂያቸው። አባትሽን ሰው ፊት ስታዋርጂ አያለሁ።»

ሰውየው የተደበቀው ከአባቴ ኩራት ጀርባ ነው፤ እኔ ደግሞ እዚያ ድረስ እንደማልመጣ ሙሉ በሙሉ እርግጠኛ ነው። ቆይ ብቻ፣ አልኩ በሆዴ። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል። እኔ ያን ሰሞን ጸሎቱን ትቼ ቂሙን ብቻ ይዤ ከረምኩ። ተጋድሜ አልተኛም፤ ፊቱ ላይ ያለውን ፈገግታ በምን ላጥፋው እያልኩ ግድግዳ አያለሁ። ልብስ ሰፊዋን ለማዳን ነው ብላችሁ ልታሳምሩልኝ ትችሉ ይሆናል። እሷንም ለማዳን ነው። ግን እውነቱን እናውራ ከተባለ፣ እሱን መቅበር አምሮኝ ነበር።

ዳኛዋ ማመልከቻዬን ሰምተው ቢሮው ቀርቦ ያስረዳ ብለው አዘዙ። ቶሎ ቶሎ አባባን ምስክር አድርጎ ቆጠረ። የቀጠሮው ዋዜማ ቀትር ላይ አባባ ዘንድ ሄድኩ። በረንዳ ላይ ጋዜጣቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል።

«አባባ፣ ነገ አይምጡ። ደብዳቤውን አላነበብኩም ብለው አንድ ቃል ይጻፉልኝና ነገሩ ይለቅ።»

«አንብቤዋለሁ» አሉ።

«አባባ...»

«አንብቤዋለሁ አልኩሽ! አባትሽ ያላነበበውን አይፈርምም።» ጋዜጣቸውን አንድ ገጽ ገለጡ።

«እንግዲያው ነገ የምጠይቅዎ እኔ ነኝ።»

«ጠይቂ። መጠየቅ ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ።»

አነጋገራቸው ቁጣ ብቻ አልነበረም፤ ኩራትም ነበረበት። ይኸው ኩራት ነው ገደል የሚከተን እያልኩ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

በማግስቱ ችሎቱ ጢም ብሎ ሞላ። ልጅ አባቷን በመስቀለኛ ጥያቄ ልታፋጥጥ ነው የሚለው ወሬ ኮሪደሩን ዞሮት ነበር። የራሳቸውን ቀጠሮ ትተው የመጡ ጠበቆች ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። እህቴ ከፊት ተቀምጣለች። ልብስ ሰፊዋ ከኋላዬ ሆና ትንፋሿ ይሰማኛል። ቶሎ ቶሎ አባባን ክንዳቸውን ደግፎ ይዞ ገባ፤ ለተመልካቹ ሽማግሌ ያከበረ ይመስላል።

ዳኛዋ አየት አደረጉን። «ምስክሩ የአመልካች ጠበቃ አባት ናቸው። በዚህ ላይ ተቃውሞ አለ?»

«የለም» አለ ቶሎ ቶሎ፣ ጥያቄው ሳያልቅ።

አባባ ማሉ። ቶሎ ቶሎ ተነስቶ አንድ ነገር ብቻ ጠየቃቸው። «ደብዳቤውን አንብበው ነው የፈረሙት?»

«አንብቤ ነው።»

ወደ እኔ ዞሮ ፈገግ አለና ተቀመጠ። በይ እንግዲህ፣ ማለቱ ነው።

ተነሳሁ። «አባባ» ልል አፌ ደርሶ ነበር፤ ዋጥኩት። «ምስክሩ፣ የፈረሙትን ደብዳቤ ለችሎቱ ያንብቡልን» አልኩና አንድ ወረቀት ለችሎቱ ጸሐፊ ሰጠሁት። ጸሐፊው ለዳኛዋ አቀረበው። ዳኛዋ ወረቀቱን አዩት። ቀና ብለው እኔን አዩኝ፤ ረጅም ጊዜ ነው ያዩኝ። አሁን አለቀልኝ፣ ይገሥጹኛል ብዬ ጠበቅሁ። ከዚያ የአባባን መነጽር አዩ።

«ቢሮው ወረቀቱን ማየት ይፈልጋል?» አሉ ዝግ ብለው።

«አያስፈልግም፣ የራሳችን ደብዳቤ ነው» አለ ቶሎ ቶሎ።

«ለምስክሩ ይሰጣቸው።»

አባባ ወረቀቱን ተቀብለው መነጽራቸውን ወደ ላይ ገፋ አደረጉ። ራቅ አድርገው ያዙት። ከዚያ ጀመሩ። ቀኑን አሉ፣ የደብዳቤውን ቁጥር አሉ፣ የተከበሩ ደንበኛችን አሉ። ድምፃቸው ያው የጥንቱ ነው። ራሳቸውን ከግራ ወደ ቀኝ ቀስ እያደረጉ፣ መስመር ሲያልቅ እየመለሱ ነበር። ለካ ያን ደብዳቤ ማታ ቶሎ ቶሎ ደጋግሞ አንብቦላቸዋል፤ ያ ጭንቅላት ደግሞ የያዘውን አይለቅም። አንዲት ቃል አልሳቱም። «በቂ ጊዜ አለዎት፣ አይጨነቁ» ብለው ጨርሰው ወረቀቱን ዝቅ አደረጉ። ከኋላ አንድ ሰው አድንቆ በምላሱ ጠቅ አደረገ።

«ክብርት ዳኛ» አልኩ፣ «አሁን ምስክሩ እጅ ላይ ያለው ወረቀት በጸሐፊው ይነበብልኝ።»

ጸሐፊው ከአባባ እጅ ተቀብሎ አነበበ። «ተከሳሽ የያዘችውን ቤት ለቃ ለከሳሽ እንድታስረክብ፣ ባትለቅ በፖሊስ ኃይል እንድትወጣ ታዟል።»

የሰጠኋቸው የማስለቀቂያውን ትእዛዝ ነበር።

ክፍሉ ተንጫጫ። ቶሎ ቶሎ ተነሳ፣ ተቀመጠ፣ ደግሞ ተነሳ። ፈገግታው የት እንደገባ እንጃ። ያን ፊት አይቼ ጠገብኩ። አልዋሻችሁም፤ እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

«ደብዳቤውን የጻፈው ማሽን ነው» አልኩ። «ማሽን መጻፉን አልቃወምም። ሰው አንብቦታል ተብሎ ነው ደንበኛዬ ቤቷ ተቀምጣ የጠበቀችው። አነበበ የተባለው ሰው አያይም። አለማየቱን ቢሮው ያውቃል፤ ጣቱን ይዞ የሚያስፈርመው ቢሮው ነው። ታዲያ ያነበበው ማነው?»

ዳኛዋ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አባቴ፣ ያ የያዙት ወረቀት ምን እንደነበር ይታይዎት ነበር?»

የአባባ እጅ ባዶውን፣ ወረቀቱን እንደያዘ ሆኖ ቀርቷል። «አላይም» አሉ እጃቸውን ዝቅ አድርገው። «ያነበበው የለም። ፊርማው ግን የእኔ ነው።»

የቀረው ብዙ አልወሰደም። ዳኛዋ ይግባኙ ይቀርብ፣ እስኪወሰንም ልብስ ሰፊዋን ማንም ከቤቷ እንዳያስወጣት ብለው አዘዙ። የቢሮው ጉዳይ ወደ ጠበቆች ዲሲፕሊን ጉባኤ ይሂድ፤ እስከዚያ ጉዳዩን የያዘ ጠበቃ መዝገቡን አይቶ በስሙ ያላረጋገጠው የማሽን መልስ ከዚያ ቢሮ እንዳይወጣ አሉ። በስብሰባ ላይ ሰው ያሳቀብኝን ነገር፣ ቃል በቃል ማለት ይቻላል፣ ቶሎ ቶሎ ቆሞ በትእዛዝ ሰማው። ጉባኤው በኋላ ፈቃዱን ነጠቀው፤ ያም ደስ ብሎኛል። ያን ቀን ግን ወረቀቶቹን በእጁ ጨብጦ፣ ማንንም ሳያይ፣ ሰዉን በክርኑ እየገፋ ወጣ። ደግፎ ያመጣቸውን ሽማግሌ ምስክር ወንበር ላይ ረስቷቸው ነው የወጣው።

እህቴ በአጠገቤ አለፈች። «ከዛሬ ጀምሮ እህት አለኝ እንዳትዪ» አለችኝና ባሏን ተከትላ ሮጠች። ልብስ ሰፊዋ ትከሻዬን ሳመች፣ እያለቀሰች ሳመች፣ ከዚያ ባሌ ሳይሰማ አልቆይም ብላ እሷም ሮጠች።

ተጸጸትሽ ወይ ብትሉኝ፣ አልተጸጸትኩም። ቢደገም እደግመዋለሁ።

አባባን ጸሐፊው ደግፎ ኮሪደር ያለው አግዳሚ ላይ አስቀምጧቸዋል። መነጽራቸውን አውልቀው ጭናቸው ላይ አድርገውታል። አጠገባቸው ስቀመጥ ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ አባባ።»

እጃቸውን ስይዝ እጄን የሚገፉት መስሎኝ ነበር፤ አልገፉትም። የችሎቱ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ ሰው እየወጣ ነው፤ ጠበቆቹ፣ ባለጉዳዮቹ፣ ወሬ ሊሰሙ የመጡት። በአጠገባችን ሲያልፉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አባባን እያዩ ነው የሚያልፉት።

«ሰው ብዙ ነበር እንዴ ውስጥ?» አሉኝ አባባ።

«የለም አባባ» አልኳቸው። «እኛው ብቻ ነበርን።»

«እህ» አሉ። ከዚያ የሚመጣ ጫማ በሰሙ ቁጥር፣ ሰው እንዳያደናቅፉ፣ እግራቸውን ወደ አግዳሚው ሥር እየሰበሰቡ ያሳልፉ ጀመር። ኮሪደሩ ፀጥ እስኪል ድረስ አላቆሙም።